የነጠረ ሁሉ ንጹሕ አይደለም
ፈሳሽና ጋዝ ስለመለየት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

የአረቄ ጋን፣ ከሞላሰስ ኢታኖል የሚያመርት ፋብሪካ፣ ድፍድፍ ነዳጅ የሚለይ ማማ፣ የባሕርን ውሃ ከጨው የሚለይ ጣቢያ፤ ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ የተቀላቀለውን ይለያሉ። ሥራው የሚከናወነው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በመሆኑ ከመግቢያውና ከመውጫው በስተቀር ለዓይን የሚታይ ነገር የለውም። ደፍራሹ ይገባል፣ ጥርት ያለው ይወጣል። በመካከል የሆነውን ያላየ ሰው ክፍተቱን በሰማው ይሞላዋል፤ የተሳሳተው ወሬም የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ከወሬው አብዛኛው አንድ ሥር አለው፤ መለየት ማለት ቆሻሻን ማስወገድ ነው ብሎ ማሰብ። ማማም ሆነ ጋን ቆሻሻ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ልዩነትን ነው፤ የትኛው ቀድሞ ይተናል፣ የትኛው ሞለኪውል ይበልጣል፣ የትኛው ከየትኛው ጋር ይያያዛል። እያንዳንዱ ዘዴ ከነዚህ አንዱን ይዞ ይሠራል። በዚያ በያዘው ልዩነት የማይለያዩትን ነገሮች ግን፣ አንዱ መድኃኒት ሌላው መርዝ ቢሆንም፣ አንድ ላይ ያሳልፋቸዋል።

«አልኮል በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ቀድሞ ብቻውን ይወጣል፤ ውሃው ጋኑ ውስጥ ይቀራል።»

ይህ እምነት የመጣው ከትምህርት ቤት ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ኢታኖል በ78.4፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል፤ ለየብቻቸው ሲሆኑ ትክክል ነው። ከተቀላቀሉ በኋላ ግን ተራ ጠብቀው አይፈሉም። ከክብደቱ 10 በመቶው አልኮል የሆነ ፈሳሽ በባሕር ጠለል ላይ ቢጣድ መፍላት የሚጀምረው ከ90 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሲፈላም ሁለቱም አብረው ይተናሉ። የሚለየው ነገር በእንፋሎቱ ውስጥ የአልኮሉ ድርሻ ከፍ ማለቱ ነው፤ ከዚያ ፈሳሽ የሚነሣው የመጀመሪያው እንፋሎት ግማሽ ያህሉ አልኮል፣ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። በዕቃው ውስጥ የቀረው አልኮል እየሳሳ ሲሄድ የሚንጠባጠበውም አብሮ ይሳሳል።

አርሲ ነገሌ ላይ አረቄ የሚያወጡ እናቶች ይህን ያለ ሠንጠረዥ ያውቁታል። ከጥንስሱ የተዘጋጀው ድፍድፍ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ ቱቦ ያልፍና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተነከረው ዕቃ ይጠራቀማል። በመጀመሪያው ዙር የሚገኘው ተራ አረቄ ነው። ጠንከር ያለው ሲፈለግ ያው አረቄ ተመልሶ ይጣድና ዳግም አረቄ ይወጣል። አልኮሉ በመጀመሪያው እሳት ብቻውን የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ለሁለተኛው ዙር ማገዶ የሚጨርስ ባልተገኘ ነበር።

ፋብሪካ የሠራው ይህንኑ መደጋገም በአንድ ማማ ውስጥ መደርደር ነው። አየርላንዳዊው የቀድሞ የኤክሳይዝ ሹም ኢኒየስ ኮፊ እ.ኤ.አ. በ1830 የባለቤትነት መብት ባስመዘገበለት ማማ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ሰሃኖች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረዋል። እንፋሎት ከታች ይወጣል፣ ፈሳሽ ከላይ ይወርዳል፤ በየሰሃኑ ይገናኛሉ። በተገናኙ ቁጥር ከእንፋሎቱ ውሃ የበዛበት ክፍል ወደ ፈሳሽ ይመለሳል፣ ከፈሳሹም አልኮል የበዛበት ክፍል ይተንና ወደ ላይ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ሰሃን አንድ ዳግም አረቄ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በነዳጅ ማጣሪያም፣ በኦክስጅን ፋብሪካም የሚቆሙት ረጃጅም ማማዎች የሚሠሩት በዚሁ ስልት ነው።

«የመጀመሪያውን ብርጭቆ ከደፉት መርዙ ሁሉ አብሮ ይደፋል።»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። መርዝ የተባለው ሜታኖል ነው። ብቻውን ሲሆን በ64.7 ዲግሪ ስለሚፈላ ከኢታኖል ቀድሞ ተጠራርጎ ይወጣል ተብሎ ይታመናል። አመለካከቱ የፊተኛው ስሕተት ልጅ ነው። ሜታኖል ከአልኮሎች ሁሉ ትንሹ፣ በጠባዩም ለውሃ የቀረበው ነው። ብዙ ውሃ ባለበት ድፍድፍ ውስጥ ውሃው አጥብቆ ስለሚይዘው ሠንጠረዡ የሰጠውን ቅድሚያ ያጣል፤ ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው ተበታትኖ ይወርዳል። ሁለቱን አልኮሎች በእርግጥ ለመለየት ፋብሪካም ቢሆን ለዚሁ ተብሎ የቆመ፣ ብዙ ሰሃን ያለው ማማ ያስፈልገዋል።

ታዲያ እምነቱ ለምን ጸና? የመጀመሪያውን መድፋት በእርግጥም የሚጠቅም ልማድ ስለሆነ ነው። ቀድመው ከሚወጡት ዋነኞቹ አሴታልዴሃይድ እና ኢታይል አሴቴት የተባሉ ናቸው፤ የመጀመሪያው ገና በ20 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሁለቱም አፍንጫ ይሰነፍጣሉ፣ መጠጡንም ያከፋሉ። እነሱን የደፋ ሰው መሻሻሉን ወዲያው በአፍንጫውና በምላሱ ያረጋግጣል። ሜታኖል ግን በሽታም በጣዕምም ከኢታኖል ስለማይለይ መኖሩንም መሄዱንም ማንም አይመሰክርም። ልማዱ ትክክል፣ ምክንያቱ ሐሰት ነው፤ ልማዱ ሲሠራ የታየለት ሰው ደግሞ ምክንያቱን አይጠራጠርም።

በተፈጥሮ ሜታኖል የሚመነጨው በፍራፍሬ ውስጥ ከሚበዛው ፔክቲን ነው። በብቅልና በጌሾ ከእህል የተጠነሰሰ ድፍድፍ ውስጥ የሚገኘው መጠን እጅግ አነስተኛ ነው። ሰው በጅምላ የሚገድለው ሜታኖል ከጋን አይወጣም፤ ከኢንዱስትሪ በርሜል ተቀድቶ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በቼክ ሪፐብሊክ ከ40 በላይ ሰዎች የሞቱት ወንጀለኞች ርካሽ የኢንዱስትሪ ሜታኖል ከመጠጥ አልኮል ጋር ቀላቅለው በመሸጣቸው ነበር፤ መንግሥት ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ ሁሉ በመላ አገሪቱ እንዳይሸጥ እስከማገድ ደርሷል። በዚህ ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ የመጀመሪያው ብርጭቆና የመጨረሻው አንድ ናቸው።

አደጋው የሚከፋው ሜታኖሉ ራሱ ወዲያው ስለማይጎዳ ነው። ጉበት ቀስ በቀስ ወደ ፎርሚክ አሲድ ሲቀይረው የዓይን ነርቭ ይመታል። ምልክቱ ከብዙ ሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የሆድ ቁርጠትና ከባድ ትንፋሽ ሆኖ ይመጣል፤ ብዙ ሰውም ስካር ያሳደረው ሕመም ነው ብሎ ተኝቶ ይጠብቃል። ሐኪም ፎሜፒዞል የተባለውን መድኃኒት ወይም ኢታኖልን ራሱን በመጠን የሚሰጠው ጉበት ይህን ቅየራ እንዳያካሂድ ነው፤ መርዙንም በደም እጥበት ማስወጣት ይቻላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሆስፒታል በጊዜ ለደረሰ ሰው ነው።

«ሰማያዊ ሆኖ ከነደደ ንጹሕ ነው።»

ሰሃን ላይ ጠብ አድርጎ ክብሪት ማስጠጋት የታወቀ ፈተና ነው። እሳቱ የሚነግረው ለመቀጣጠል የሚበቃ አልኮል መኖሩን ብቻ ነው። የትኛው አልኮል እንደሆነ አይናገርም፤ ሜታኖልም ሰማያዊ ነበልባል አለው፣ እንዲያውም በቀን ብርሃን ነበልባሉ ለማየት ያስቸግራል። ከብረት የመጣ መርዝንም እሳት አያሳይም። በአሜሪካ በድብቅ የሚያነጥሩ ሰዎች የመኪና ራዲያተርን እንደ ማቀዝቀዣ ቱቦ ሲጠቀሙ ከብየዳው እርሳስ ወደ መጠጡ እየገባ ብዙ ሰው ተመርዟል፤ ያ መጠጥም ሲለኮስ ይነዳል። እንፋሎቱ ከድፍድፉ ሲነሣ እርሳስ አልነበረበትም። የጨመረበት ያለፈበት ዕቃ ነው።

«ደጋግመው ካነጠሩት 100 በመቶ አልኮል ይሆናል።»

አይሆንም። ማማው መቶ ሰሃን ይኑረው ሺህ፣ በተለመደው የአየር ግፊት ከክብደቱ 95.6 በመቶ ላይ ይቆማል። እዚያ ነጥብ ላይ በፈሳሹና በእንፋሎቱ ውስጥ ያለው የአልኮል ድርሻ እኩል ይሆናል፤ ማንጠር የሚሠራበት ልዩነት ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እሳት ሁሉ ያንኑ ቅልቅል ከታች ወደ ላይ ማጓጓዝ ብቻ ነው። አመለካከቱ የሚቆየው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ከ10 ወደ 50፣ ከ50 ወደ 80፣ ከ80 ወደ 95 መድረሱን ያየ ሰው የቀረችው 4 ወይም 5 በመቶ ትከለክለዋለች ብሎ አያስብም።

ለመጠጥና ለሕክምና ይህ ቅሪት ምንም አይደለም። ለነዳጅ ግን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል ማደባለቅ ጀምራ በ2011 ወደ 10 በመቶ ስታሳድገው ኢታኖሉ የተገኘው ከስኳር ፋብሪካ ነው፤ ፊንጫ ቀዳሚ ሆኖ መተሐራ ተከተለው፤ ሁለቱም ከስኳር ምርት የሚተርፈውን ሞላሰስ ይጠቀማሉ። ለማደባለቅ የሚቀርብ ኢታኖል ከውሃ የጸዳ መሆን አለበት። ውሃው ከበዛ አልኮሉን ይዞ ከቤንዚኑ ይለያል፣ ከታንከሩ ሥርም ይቀመጣል፤ የመኪናው መምጠጫ ደግሞ ከሥር ነው የሚቀዳው።

መፍትሔው ሌላ ልዩነት መፈለግ ነበር። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሲድኒ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1902 ቤንዞል የተባለ ሦስተኛ ፈሳሽ ጨምሮ ውሃውን ይዞት እንዲወጣ አደረገ። ቤንዞል ካንሰር አምጪ መሆኑ ሲታወቅ ብዙ ፋብሪካ ወደ ሳይክሎሄክሴን ዞረ። ዛሬ በሰፊው የተለመደው እንፋሎቱን 3 አንግስትሮም ቀዳዳ ባላቸው፣ ዚዮላይት ከሚባል ቁስ በተሠሩ እንክብሎች መካከል ማሳለፍ ነው። የውሃ ሞለኪውል ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ይያዛል፤ ኢታኖል ስለሚበልጥ ውጭ ይቀራል። እንክብሉ ውሃ ሲጠግብ ይደርቅና እንደገና ሥራ ይጀምራል። እዚህ ላይ ማንም ስለሚፈላበት ሙቀት አይጠይቅም፤ ወሳኙ መጠን ነው።

«አልኮሉ በጠነከረ ቁጥር ጀርም ይበልጥ ይገድላል።»

በኮቪድ ወቅት ብዙ ሰው 70 በመቶውን ትቶ 96 በመቶውን የፈለገው በዚህ እምነት ነው። አልኮል ጀርም የሚገድለው ፕሮቲኑን በማበላሸት ነው፤ ለዚህም ውሃ ያስፈልገዋል። በጣም የጠነከረው ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ከእጅ ላይ ይተናል። 70 በመቶው ርካሽ ወይም የተበረዘ ሆኖ አይደለም የተመረጠው፤ የተሻለ ስለሚሠራ ነው።

«ቤንዚን የተጣራው ነዳጅ ነው፤ ናፍጣ ያልተጣራው ነው።»

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነገረው አውሮፕላን የሚበረው ከሁሉ በላይ በተጣራ ልዩ ቤንዚን ነው የሚለው ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ድፍድፍ ነዳጅ በምድጃ ወደ 350 ዲግሪ ገደማ ይሞቅና ወደ ማማው ይገባል። ቡታ ጋዝ የሚሆነው ከሁሉ በላይ፣ ከእሱ ቀጥሎ የቤንዚኑ ክፍል፣ ከዚያ ላምባ፣ ከዚያ ናፍጣ በየእርከናቸው ይቀዳሉ። ከሥር የሚቀረውን ወፍራም ቅሪት ከዚህ በላይ ቢያሞቁት ሞለኪውሎቹ መሰባበር ስለሚጀምሩ አየሩ በተመጠጠበት ሌላ ማማ ዝቅ ባለ ሙቀት ይለያል፤ የመንገድ ሬንጅ ከዚያ ሥር የሚገኝ ነው።

ማማው ቦታ የሰጣቸው በሚፈሉበት ሙቀት እንጂ በንጽሕና አይደለም። ከላይ መቀዳት ክብር፣ ከታች መቀዳት ነውር የለውም። ለሞተር ጎጂ የሆነውን ድኝ ማማው ፈጽሞ አያወጣውም፤ ድኙ በየክፍሉ ተከፋፍሎ ይወርዳል፣ ከባድ በሆነው ክፍልም ይበዛል። እሱን የሚያስወግደው ነዳጁን ከሃይድሮጅን ጋር በሙቀትና በከፍተኛ ግፊት የሚያገናኝ ሌላ ሂደት ነው፤ ይህም ለቤንዚንም ለናፍጣም ይደረጋል። በሚገባ የተዘጋጀ ናፍጣ ድኙ ካልወጣለት ቤንዚን የጸዳ ነው። አመለካከቱን ያጸናው የከባድ መኪና ጭስ ነው፤ ጭሱ ግን ከሞተሩ ይዞታና ከነዳጁ ጥራት የሚመጣ እንጂ ናፍጣ ከማማው ሳይጣራ አምልጦ አይደለም።

የጀት አውሮፕላን ነዳጅ ደግሞ የላምባ ወገን ነው። ጀት ኤ-1 የሚባለው ይህ ነዳጅና የገጠሩ ኩራዝ ይበራበት የነበረው ላምባ የሚቀዱት ከማማው ተመሳሳይ ከፍታ ነው። ልዩነቱ ጀት ኤ-1 በጥብቅ ምርመራ ማለፉ ነው፤ ለምሳሌ ብርዱ ከዜሮ በታች 47 ዲግሪ እስኪደርስ መርጋት የለበትም። በቤንዚን የሚበሩት የፒስተን ሞተር ያላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ናቸው።

ናፍጣ ውስጥ የተጨመረ ላምባ በጨርቅ ሲያልፍ ወይም ሲያድር ይለያል የሚሉም አሉ። ጨርቅ የሚይዘው ደለልና ዝገት ነው፤ ማሳደር የሚለየው ውሃን ነው። ላምባና ናፍጣ የሚፈሉበት የሙቀት ክልል እርስ በርሱ ስለሚደራረብ ማማውም ቢሆን አንዴ የተደባለቁትን ሙሉ በሙሉ አይመልሳቸውም። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ በጅቡቲ በኩል የሚገባው ነዳጅ ተለይቶ ያለቀ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ በቅርብ የሚያውቅ ሠራተኛ እየቀነሰ መሄዱ ለወሬው መመቸቱ አልቀረም።

«የሆስፒታል ኦክስጅን በኬሚካል የሚሠራ ነው፤ ከ99 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ተበርዟል።»

ኦክስጅኑ የሚመጣው ሁላችንም ከምንተነፍሰው አየር ነው። ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ እ.ኤ.አ. በ1895 አየርን በብዛት ወደ ፈሳሽ የሚለውጥ መሣሪያ ሠራ፤ በ1902 ደግሞ ከፈሳሹ ኦክስጅን በማንጠር ለየ። ናይትሮጅን ከዜሮ በታች በ196፣ ኦክስጅን ከዜሮ በታች በ183 ዲግሪ ይፈላል። ሥራው የአረቄው ሥራ ነው፤ እሳቱ ብቻ በብርድ ተተክቷል። በትላልቅ ፋብሪካዎች በዚህ መንገድ የሚገኘው ኦክስጅን ከ99 በመቶ በላይ ነው።

በሆስፒታል ግቢ የሚተከሉት ማምረቻዎች ግን በሌላ ልዩነት ይሠራሉ። የታመቀ አየር በዚዮላይት ውስጥ ያልፋል፤ ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑን ይለቃል። ችግሩ አርጎን ነው። በአየር ውስጥ 1 በመቶ ያህል አለ፤ በዚዮላይት ፊትም ከኦክስጅን አይለይም። ናይትሮጅኑ ሲቀነስ የአርጎኑ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የሚገኘው ኦክስጅን በአብዛኛው 93 በመቶ አካባቢ ነው፣ ቀሪው ባመዛኙ አርጎን ነው። አርጎን ታማሚውን አይጎዳም። 93 በመቶው ራሱን የቻለ የታወቀ የሕክምና ደረጃ ስለሆነ ማንም የበረዘው የለም።

«የባሕር ውሃ ማጣሪያ በጣም ደቃቅ ወንፊት ነው።»

በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእስራኤል የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ቤተ እስራኤላውያን ከቧንቧ የሚጠጡት ውሃ ትናንት ባሕር ውስጥ የነበረ ነው። ጨውን ወንፊት ይዞ አስቀረው ማለት ለጆሮ ይጥማል። ይሁንና በውሃ የሟሟ ጨው እንደ አሸዋ ቅንጣት ሆኖ አይንሳፈፍም። ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሠሩት ዓይነት ስስ ሽፋን ውሃን በራሱ ቁስ ውስጥ አሟሙቶ ያሳልፋል፤ ጨው በዚያ ቁስ ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሟ ወደ ኋላ ይቀራል።

ውሃ በተፈጥሮው የሚሄደው ከንጹሑ ወደ ጨዋማው ነው። ያንን ለመቀልበስ የባሕር ውሃን ወደ 27 ባር ከሚጠጋው የራሱ ግፊት በላይ መግፋት ያስፈልጋል፤ ጣቢያዎች ከ55 እስከ 70 ባር ይጠቀማሉ። ለአንድ ሜትር ኪዩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ባሕሩ ነጻ ነው፣ ፀሐዩም ነጻ ነው፣ ውሃውም ነጻ መሆን ነበረበት የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ያንኑ ውሃ ማትነን ደግሞ ሙቀቱ ተመልሶ ሥራ ላይ ካልዋለ ከ600 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በባሕረ ሰላጤው ለአሥርት ዓመታት በማትነን የሠሩት ጣቢያዎች ሙቀቱን ከክፍል ወደ ክፍል እየመለሱ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

ሽፋኑም የሚያመልጠው አለ። ቦሮን በባሕር ውሃ ውስጥ በአብዛኛው ኤሌክትሪካዊ ሙል የሌለው አሲድ ሆኖ ስለሚገኝ ከጨዉ ይበልጥ ያልፋል። ለሰብል ጎጂ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ የጀመረው የእስራኤሉ የአሽኬሎን ጣቢያ ለቦሮን ብቻ ተጨማሪ እርከን ተሠርቶለታል። ከዚያ በኋላ ውሃው በኖራ ድንጋይ በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ማዕድን የሌለው ውሃ ቧንቧውን ስለሚበላ። «የሞተ ውሃ ነው የሚያጠጡን» የሚለው ስሞታ ይህን እርከን አያውቀውም።

«ውሃ ከፈላ ከሁሉም ነገር ነጽቷል።»

ማፍላት በሚገባ የሚሠራው አንድ ሥራ አለ፤ ጀርም ይገድላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ቢሆንም ለዚህ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ሲንተከተክ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። ደጋ ላይ ማፍላት ከንቱ ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ፍሎራይድን ግን ማፍላት አይነካውም። ፍሎራይድ አይሞትም፣ አይተንም። በሊትር 3 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለበት 2 ሊትር ውሃ ፈልቶ 1.5 ሊትር ቢቀር፣ በሊትር 4 ሚሊግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ነው። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ወሰን ያልፋሉ፤ በአካባቢው ያደጉ ሰዎች ጥርስ መበለዝ የዚህ ምልክት ነው። በወንጂ የስኳር እርሻ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ በጠጡ ሠራተኞች ላይ ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ አጥንትና አከርካሪ ድረስ መድረሱ በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል።

ስሕተቱ እንዲኖር ያደረገው ውሃው ራሱ ነው። ፍሎራይድ ያለበት የጉድጓድ ውሃ ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ሆድ የማያሳምም ነው፤ ብዙ ጊዜም ከደፈረሰው ወንዝ ይመረጣል። ጉዳቱ ዓመታት ስለሚፈጅ ማንም ከጠዋቱ ብርጭቆ ጋር አያያይዘውም። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ጀርም ይገድላል፣ የሸክላ ማጣሪያ ደለልና ጀርም ይይዛል፤ ሁለቱም ፍሎራይድን እንዳለ ያሳልፉታል። የሚያስወግዱት ሌሎች ዘዴዎች ናቸው፤ ስሙን በሕንድ ካለችው ናልጎንዳ ያገኘው በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ የማዝቀጥ ዘዴ፣ ከተቃጠለ አጥንት የሚዘጋጅ ከሰል፣ እንዲሁም ለባሕር ውሃ የሚውለው ዓይነት ስስ ሽፋን። የአጥንቱን ከሰል ሃሳቡ የሚቀፈው ሰው አለ፤ አቅም ለሌለው ቤተሰብ ግን ከሽፋኑ ይልቅ የሚቀርበው እሱ ነው።

ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ያለው ቤተሰብም ሆነ ቀበሌ ማጣሪያ ከመግዛቱ በፊት ውሃውን ላቦራቶሪ ያስመርምር። ሻጩንም «ያጣራል?» ብሎ ሳይሆን «ፍሎራይድ ያወጣል?» ብሎ ይጠይቅ፤ አዎ ካለውም ከማጣሪያው የወጣውን ውሃ መልሶ ያስለካ።